በ15 ዓመት ይወጣል የተባለው ቋንቋ

የብሪታንያው ባለሥልጣን ቶማስ ማኮሌ በ1834 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ማድራስ ሲደርስ ሳንስክሪትም ዓረብኛም አያውቅም ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። ሆኖም ዓመት ሳይሞላው ለጠቅላይ ገዥው ለሎርድ ቤንቲንክ ስለ ትምህርት ቋንቋ ባቀረበው ማስታወሻ፣ የሕንድና የዓረብ ሥነ ጽሑፍ ቢደመር አንድ መደርደሪያ የአውሮፓ መጻሕፍት እንደማያክል ጻፈ። በትርጉም ብቻ ባነበበው ላይ ፈረደ።

የክርክሩ መነሻ ገንዘብ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ በ1813 በሕንድ የሚገዛው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለትምህርት በየዓመቱ 100,000 ሩፒ እንዲመድብ አዝዞ ነበር። ይህ ገንዘብ በየትኛው ቋንቋ ለማስተማር ይዋል በሚለው ላይ የኩባንያው ሹማምንት ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ፦ ገሚሱ የምሥራቅ ቋንቋዎችን፣ ገሚሱ እንግሊዝኛን ደገፈ። ማኮሌ በእንግሊዝኛ ትምህርት ሊፈጥር የፈለገው በደሙና በመልኩ ሕንዳዊ፣ በአስተሳሰቡ እንግሊዛዊ የሆነ፣ በገዥና በተገዥ መካከል አስተርጓሚ የሚሆን መደብ ነበር። የካልካታ ሙስሊሞች መድረሳችን ሊዘጋ ነው ብለው በሺዎች ፈርመው አቤት አሉ። ማርች 7 ቀን 1835 ቤንቲንክ ለማኮሌ፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ፣ ፈረደ። መድረሳው ባይዘጋም ለአዲስ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማና የምሥራቅ መጻሕፍት ኅትመት ቀረ።

ነገሩን ሁሉ በግዳጅ ማሳበብ ግን ታሪኩን ያጎድለዋል። የካልካታ ባለጸጎች የአውሮፓ ትምህርት የሚሰጠውን ሂንዱ ኮሌጅ የከፈቱት ማኮሌ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1817 ነው። የቤንጋሉ የተሐድሶ አራማጅ ራም ሞሃን ሮይም በ1823 መንግሥት የሳንስክሪት ኮሌጅ ማቋቋሙን ተቃውሞ፣ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና አናቶሚ ይሰጠን ሲል ለገዥው ጽፏል። እነሱ የጠየቁት ዕውቀት ነበር፤ የመጣላቸው ከንቀት ጋር ተለውሶ ነው።

ሕንድ ነፃ ወጥታ በ1950 ሕገ መንግሥቷ ሥራ ላይ ሲውል ሂንዲ የማዕከላዊ መንግሥቱ ቋንቋ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ለ15 ዓመት ብቻ እንዲቆይ ተወሰነ። ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 26 ቀን 1965 ነበር።

ያ ቀን ሲቃረብ በደቡብ ሕንድ ያለችው የታሚሎች ክልል ማድራስ ታመሰች። አፉን በሂንዲ ያልፈታው የታሚል ወጣት፣ በመንግሥት ሥራ ፈተና ከሰሜን ልጆች ጋር እኩል መወዳደር ሊቀርብኝ ነው ብሎ ሰጋ። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም እኩል ባዕድ ነበር። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ራሳቸውን በእሳት ያቃጠሉም ነበሩ። በማዕከላዊው መንግሥት የነበሩ ሁለት የማድራስ ሚኒስትሮች የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። በመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሻስትሪ በሬዲዮ ቀርበው እንግሊዝኛ እንደሚቀጥል ቃል ገቡ።

ቃሉ በ1967 ሕግ ሆነ፦ ሂንዲን የሥራ ቋንቋቸው ያላደረጉ ክልሎች ምክር ቤቶች ሁሉ ካልተስማሙ በቀር እንግሊዝኛ አይነሣም። በዚያው ዓመት ምርጫ በማድራስ የፀረ ሂንዲው ንቅናቄ መሪ አናዱራይ ሥልጣን ያዙ፤ በ1968ም የክልሉ ትምህርት ቤቶች ሂንዲን ትተው ታሚልና እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ተወሰነ።