የጓሮ ቦይ ታሪክ፦ የግራናዳ ሰዎች ውሃን እንዴት ኮረብታ ላይ አወጡ?

በጓሯችሁ ትንሽ ቦይ አውጥታችሁ ውሃ ሲወርድ ማየት የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። እውነትም ያምራል፣ ድምፁም መንፈስ ያሳርፋል። ግን ቦዩ ለዓይን ብቻ ይሁን ወይስ ሥራም ይሥራ? ለዚህ መልስ የሚሆን የቆየ ታሪክ ላጫውታችሁ።

አገሩ ስፔን፣ ከተማው ግራናዳ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግራናዳን ይገዛ የነበረው ሱልጣን ቀዳማዊ መሐመድ አልሐምብራ የሚባለውን ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ማሠራት ጀመረ። ችግሩ ኮረብታው ላይ ውሃ የለም፤ የዳሮ ወንዝ የሚሄደው ከታች በሸለቆው ነው። ያኔ ደግሞ ሞተር የለ፣ ፓምፕ የለ። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ወጡና 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ጠለፉት። ከዚያ የተራራውን ወገብ ይዘው፣ በጣም ትንሽ ተዳፋት ሰጥተው ቦይ ቆፈሩ። ወንዙ በሸለቆው ፈጥኖ ቁልቁል ሲወርድ ቦዩ ግን ቀስ እያለ ስለሚሄድ ከፍታውን ሳይለቅ ኮረብታው ላይ ደረሰ። ጉልበቱ ሁሉ የተዳፋቱ ነው። እኛም አገር ጎንደር የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ነው።

ይህ የሱልጣኑ ቦይ ከአልሐምብራ አጠገብ ባለው ሄነራሊፌ በሚባል የአትክልት ሥፍራ ግቢ መሃል ለመሃል ያልፋል። ግራና ቀኙ የአበባና የተክል መደብ ነው። ዛሬ ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ሽቅብ የሚረጨውን ውሃ ነው፤ እሱ ግን በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። ድሮ የነበረው ዝም ብሎ የሚፈስ ውሃ ብቻ ነበር።

በ1958 እ.ኤ.አ. ግቢው ላይ እሳት ተነሳ። ከዚያ በኋላ ቦታው ሲቆፈር ጥንታዊው አሠራር ተገለጠ። መደቦቹ ከመተላለፊያው ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ በቦዩ ግድግዳ ላይ ደግሞ ውሃ ወደ መደቡ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተገኙ። ልብ በሉ፤ ለዓይን የሚያምረው ቦይና መስኖው አንድ ነበሩ ማለት ነው። ውሃው በጓሮው አልፎ አይባክንም፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይቀጥላል። ከጎኑ ያሉት የአትክልት እርሻዎች ዛሬም ይታረሳሉ።

ቦይ ባለበት የውሃ ተራም አለ። በዚያው በስፔን፣ ቫሌንሺያ ከተማ፣ አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚመርጧቸው የውሃ ዳኞች በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ይሰየማሉ። ክርክሩ በቃል ነው፤ ዳኞቹም ገበሬዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። ይሄ ለናንተ እንግዳ አይደለም፤ የውሃ አባት የሚሠራውን ታውቁታላችሁ እኮ።

እንግዲህ በጓሯችሁ ቦይ ስታወጡ እነዚህን ሰዎች አስቧቸው። ከመቆፈራችሁ በፊት መስመሩን በገመድና በውሃ ልክ ለኩ፤ ተዳፋቱ ከበዛ ውሃው አፈሩን እየሸረሸረ ጓሯችሁን ቦረቦር ያደርገዋል፤ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። ቦዩን በጎመኑና በቃሪያው መደብ አጠገብ አሳልፉት፤ በየመደቡ በአፈር የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይኑረው። መጨረሻው ላይ ውሃው እንዳይተኛ አድርጉ፤ የተኛ ውሃ የወባ ትንኝ ያራባል። ትርፉን ወደ ዋናው ቦይ መልሱት።

ከሁሉ በላይ ግን የውሃ አባቱንና ከታች ያለውን ጎረቤት ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ። በየካቲትና በመጋቢት ውሃው ሲቀጥን ለናንተ ጌጥ የሆነው ለሱ የሽንኩርቱ ሕይወት ነው። ጓሯችሁን አሳምሮ የታችኛውን ማሳ ያደረቀ ቦይ ጠብ እንጂ ውበት አያመጣም።