የእንጨት ዓሣና የእጅ ባለሙያ
ከጉራጌ ተራሮች እስከ ዝዋይ ሐይቅ ስላለው የማጥመጃ መሣሪያ አጭር ሐተታ

የሕዝቦችን የእጅ ሥራ የሚመረምር ሰው አንድ የታወቀ ፈተና ይገጥመዋል፤ ይኸውም በአንድ አገር ያየውን መሣሪያ መለኪያ አድርጎ ይይዝና፥ በሌላው አገር ሲያጣው የጎደለው ዕውቀት ነው ብሎ ይፈርዳል። ባለፈው ክፍለ ዘመን መባቻ ሕዝቦችን በመሣሪያቸው ደረጃ በደረጃ ያስቀመጡት ጸሐፊዎች የተሳሳቱት በዚህ ነው። ከእንጨት ተቀርጾ ትንሽ ዓሣ የሚመስለው የዓሣ ማባበያ ይህን ስሕተት ለመመርመር የሚያመች ምሳሌ ነው፤ ስለሆነም በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ካለው የእጅ ጥበብ ጋር ማነጻጸሩ ጥቅም አለው።

ማባበያ ማለት መንጠቆ የተበጀለት ሐሰተኛ መብል ነው። በትል ወይም በሥጋ የሚያጠምድ ሰው ዓሣውን በሽታና በጣዕም ሲጠራው፥ በማባበያ የሚያጠምደው ግን በዓሣው ዓይን ላይ ይተማመናል። የፖሊኔዢያ ደሴቶች ሰዎች ቦኒቶ የተባለውን ዓሣ ለመያዝ የሚያበራውን የዕንቁ ዛጎል እየሞረዱ የትንሽ ዓሣ መልክ ይሰጡት፥ ከአጥንት ወይም ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ መንጠቆም ያስሩበት ነበር። በፊንላንድ አገር ደግሞ ላውሪ ራፓላ የተባለ ድኻ ዓሣ አጥማጅ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. ቡሽ በቢላዋ ቀርጾ፥ በቸኮላት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፍኖ፥ ውኃ እንዳይገባበት የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባው። ትልልቁ ዓሣ ከመንጋው መካከል የሚያነክሰውን ትንሽ ዓሣ መርጦ እንደሚይዝ አስተውሎ ነበርና፥ ሥራው በውኃ ውስጥ እንዲወላገድ አድርጎ አመዛዘነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሥራው ሕግ ይገለጻል። በመጀመሪያ ቀሊል የሆነ ነገር ተመርጦ ይቀረጻል፤ ቀጥሎ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ክብደቱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ውኃ እንዳያሳብጠው ይቀባል፥ ብርሃን እንዲመልስም ይሸለማል። ማጠናቀቂያው ከመቅረጹ የማያንስ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ያልተቀባ እንጨት ውኃ ጠጥቶ ሚዛኑን ያጣልና።

አሁን ወደ ጉራጌ አገር ሲመለሱ፥ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ መኖሩ ይታያል። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ጊዜ ከቆጮውና ከቡላው ሌላ ቃጫ ያወጣሉ፤ ይህም ጠንካራ ጭረት ለገመድ፥ ለምንጣፍና ለጆንያ ሲውል የኖረ ነው። ብረቱን የሚያበጀው ቀጥቃጭ አለ። እንጨቱን የሚጠርቡት ደግሞ በአገሩ ልማድ ፉጋ ሲባሉ የኖሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህ ስም ዛሬ ለጆሮ የሚከብድ፥ እንደ ስድብም የሚቆጠር በመሆኑ እዚህ የተጠቀሰው ለታሪኩ ሲባል ብቻ ነው። ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቸሃ አካባቢ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1966 ዓ.ም. ባሳተማቸው ጽሑፎች እንዳመለከተው፥ የጉራጌን ሰፊ ክብ ቤት ምሰሶ የሚያቆሙት፥ የእንጨት ዕቃውንም የሚያቀርቡት እነርሱ ነበሩ። ምሰሶው ጥቂት ቢያዘነብል ጣራው ሁሉ ይዛባልና፥ ይህን ሥራ የሚያውቅ እጅ ሚዛን መጠበቅን ከማንም ሊማር አያስፈልገውም። ቅባት የጠጣ እንጨት ውኃን እንደሚከለክል፥ ጢስ የጠገበ ዕቃም እንደሚጸና በአገራችን የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥን ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ጥበቡም መሣሪያውም ካለ፥ የዚህ አካባቢ ዓሣ ማጥመድ ለምን በሌላ መንገድ ሄደ? መልሱ ከሰው ይልቅ ከውኃው ይገኛል። የጉራጌ ተራሮች የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ናቸው። በወልቂጤ በኩል የዋቤ ወንዝ ወደ ግቤ ይወርዳል፥ ግቤም ኦሞን ተቀላቅሎ ወደ ቱርካና ይሄዳል፤ በቡታጅራ በኩል ግን የመቂ ወንዝ ከተራሮቹ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሐይቅ ነው፤ ነፋሱ ደለሉን ስለሚያነሣው ውኃው ድፍርስ ነው። ለረጅም ዘመን የሐይቁ ዋና ዓሣ ሆኖ የኖረው ቆሮሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አረንጓዴ ተክል የሚኖር እንጂ ትንሽ ዓሣ አባሮ የሚበላ አይደለም። በድፍርስ ውኃ ውስጥ ለሚኖርና አድኖ ለማይበላ ዓሣ፥ እጅግ ያማረ የእንጨት ዓሣ ቢያቀርቡለት ትርፉ ድካም ነው።

በሐይቁ አምስት ደሴቶች ላይ የኖሩት ዛዮችም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቋንቋቸው ለስልጥኛና ለወለንኛ የቀረበ በመሆኑ፥ ከቡታጅራ አካባቢ ሕዝብ ጋር ያላቸው ጥንታዊ ዝምድና በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በቱሉ ጉዶ ደሴት የብራና መጻሕፍትን ጠብቀው፥ ተዳፋቱን በእርከን እያረሱ፥ ሸማ እየሠሩ፥ በታንኳም ዓሣ እያጠመዱ ኖረዋል። በወንዞች ዳር ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ረጋ ውኃ ይጣል ነበር፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለው ንጥረ ነገር ዓሣው እስትንፋሱን እንዳይጠቀምበት ስለሚያግደው፥ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ይህ ስለ ተክልና ስለ ዓሣ ረቂቅ ዕውቀት የሚጠይቅ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ስለሚፈጅ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ይህ ማስረጃ በጣና ሐይቅ ይፈተናል። በጣና ከሚገኙት 15 የቢልጫ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል፤ እንግዲያስ ማባበያ ሊሠራበት የሚችለው ውኃ ይህ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ቢልጫዎች በክረምት ለመራባት በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ቤተሰብ ለመመገብ ወይም ለገበያ የሚያጠምድ ሰውም አንድ አንዱን ከማባበል ይልቅ በአንድ መረብ ብዙውን መያዝ ይሻለዋል። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ በዓሣው ጠባይ፥ በውኃው ጥራትና በአጥማጁ ፍላጎት ይወሰናል፤ የሕዝብን የአእምሮ ደረጃ የሚለካበት ሚዛን አይደለም።

ከመሣሪያው ይልቅ ታሪክን የሚያሳፍረው የባለሙያው ዕጣ ነው። የጉራጌን ቤት ምሰሶ ያቆመው ሰው እንደ ልማዱ መሬት እንዳይኖረው፥ እንሰት እንዳይተክል፥ ከገበሬው ጋር እንዳይጋባ ተከልክሎ ኖሯል፤ ቢያርስ መሬቱ ትመክናለች ይባል ነበር። ያው ሰው ግን በአምልኮ ሥርዓት ጊዜ ይፈለግ፥ ይፈራም ነበር። በጣና ዳር ታንኳ በማበጀት የታወቁት ወይጦዎችም ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ኅብረተሰቡ ዕቃውን በሁለት እጁ እየተቀበለ፥ ሠሪውን ከደጅ አስቀርቶታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ለሌለው ሁሉ የማረስ መብት በመስጠቱ፥ በሕግ በኩል ያለው ግድግዳ ፈረሰ፤ በጋብቻና በማዕድ ያለው ግን በአንድ አዋጅ የሚፈርስ አልሆነም።

ዛሬ የናይሎን መረብ የጭረቱን ገመድ፥ የፕላስቲክ ዕቃ የእንጨቱን ሳሕን እየተካ ነው። መሣሪያው ሲጠፋ ስለ ሚዛኑ፥ ስለ ማለስለሱና ስለ አቀባቡ የነበረው ዕውቀት አብሮ ይጠፋል፤ ይህም ዕውቀት በአብዛኛው ያለው ስማቸው በክብር ሳይጻፍ በቀረ ሰዎች ዘንድ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን የእጅ ሥራ ለመመዝገብ የሚነሣ ተማሪ ዕቃውን ለክቶና ሥሎ ብቻ አይመለስ፤ እንጨቱን ማን እንደ መረጠው፥ ለምን እንዲህ እንዳለሰለሰው፥ በምን እንደ ቀባውም ከራሱ ከሠሪው አፍ ሰምቶ ይጻፍ። ሠሪው ያልተጠየቀበት መዝገብ የጥንቱን ፍርድ በአዲስ ቀለም መድገም ይሆናል።