የጥንት አትክልት ዱካ በቤተ አምሓራ

በግእዝ «ዐጸደ ወይን» ማለት በቅጥር የተከበበ የወይን ቦታ ማለት ነው። «ዐጸድ» የሚለውም ቃል ወደ አማርኛ አልፎ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይጠራበታል። «ገነት»ም አስቀድሞ ተክል የተተከለበት ስፍራ ስም ነበረ፤ ኋላ የጻድቃን ማረፊያ ስም ሲሆን ብዙው ሰው ምድራዊውን ትርጓሜ ረሳው። «ወይና ደጋ»ንም ሊቃውንት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ብለው ይፈቱታል። ወይን በዐይኑ ያላየ ገበሬ ሳይቀር አገሩን በዚህ ስም ይጠራል። እንግዲህ የጥንቱን አትክልት የሚፈልግ ሰው ዶማ ከማንሣቱ በፊት ስም ቢጠይቅ መልካም ነው።

ይህን ማለታችን ስለ መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ስላለው ስለ ቦረናና ስለ ሳይንት ምድር ነው። አገሩ ከፍ ያለ ደጋ ሆኖ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። የዴንቆሮ ጫካ ያለበት ብርዳም ደጋ ለሎሚና ለትርንጎ አይስማማም፤ ወደ ቆላው በሚወርደው ትከሻ ግን ፀሓዩም ምንጩም ይገኛል። ቤተ አምሓራ የተባለው የነገሥታት አገር በዚህ ወገን ነበረ። ዐፄ በእደ ማርያም፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1468 እስከ 1478 የነገሠው፣ አትሮንሰ ማርያምን በቤተ አምሓራ አሠራ። የዚሁ ንጉሥ ዜና መዋዕል የብርቱካን ወገን፣ ሎሚና ወይን እንዳስተከለ ይናገራል።

ይህን ነገር በብርቱ ልናስብበት ይገባል። «ብርቱካን» የሚለው ስም ከፖርቱጋል አገር ስም ወጥቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው፤ ስለዚህ አንዳንዶች ቅጥር ያለው አትክልት ሁሉ ከፖርቱጋሎች ጋራ የገባ ይመስላቸዋል። የፖርቱጋል መልእክተኞች የገቡት ግን በ1520 ነው። ከእነርሱ ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ራሱ በሰሜን ባሉ ገዳማት ብርቱካንና ሎሚ፣ ትርንጎና ወይን ተተክሎ እንዳገኘ ጽፏል። ስሙ እንግዳ ቢሆን ተክሉ ቀድሞ ነበረ። የወይኑማ ነገር ከዚህም ይርቃል፤ ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም ባስቈፈረው ቦታ የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቷል። ለቅዳሴ ወይን የግድ ነውና ቤተ ክርስቲያን ባለችበት ሁሉ ወይ ተክሉ ወይ የደረቀው ዘቢብ ሲፈለግ ኖሯል።

በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ቤተ አምሓራ ገብቶ አትሮንሰ ማርያምንና መካነ ሥላሴን አቃጠለ። ስለ ወርቁና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አትክልቱ ግን ማን ያስባል? አትክልት በእጅ የሚኖር ነው። ጠባቂው ሲሸሽ ቦዩ በደለል ይሞላል፣ ከብት ይገባበታል፣ የሎሚም ዛፍ ዐምስት መቶ ዓመት አይቆምም። የሚቀረው የድንጋይ ካቡ፣ የውሃው መውረጃና በካቡ ውስጥ የተከማቸው አፈር ነው።

የዛፍ ታሪክ በአፈር ውስጥ እንደሚነበብ ከዚሁ ከወሎ ምስክር አለ። በምሥራቅ በኩል ካሉት ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ሥር የወጣውን ጭቃ ኢያን ዳርቢሻየርና ጓደኞቹ መርምረው በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ጫካው ተመንጥሮ እንደ ነበረ፣ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ዘመን ግን ጽድና ወይራ ተመልሶ እንደ በዛ ገልጠዋል። ይህም አስቀድመን ያነሣናቸው ነገሥታት ዘመን ነው። ነገር ግን ጽድ ብናኙን ነፋስ ይወስድለታል፤ የሎሚና የትርንጎ ብናኝ በንብ ስለሚሄድ ወደ ሩቅ ሐይቅ አይደርስም። ስለዚህ የአትክልቱን ምስክር በዚያው በበቀለበት ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል። አፈሩን በውሃ ቢያጥቡት በእሳት የከሰለ ዘር ይንሳፈፋል፤ በአጕሊ መነጽርም ወገኑ ይለያል።

ፈላጊው ግን እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። ካብ ያለበት ሁሉ አትክልት አልነበረም፤ ከ1966 ዓመተ ምሕረቱ ረኃብ በኋላ በወሎ ሕዝቡ እህል እየተሰፈረለት የሠራው እርከን ብዙ ነው። በፍርስራሽ አጠገብ ጌሾ ማግኘትም አያስደንቅ፤ ጌሾ ያገር ተክል ነውና ራሱ ይበቅላል። ትርንጎና ኮክ ግን ከውጭ የገቡ ስለሆኑ የሰው እጅ ይመሰክራሉ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። አሮጌው ካብ ለቤት ግንብ ይፈርሳል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በምንጭ ዳር እየተተከለ ሥሩ የጥንቱን አፈር ያናውጣል። ገበሬውን በዚህ አንወቅሰውም፤ ማገዶና ገንዘብ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ቦዩ ሳይታረስ የእርሻውን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ይጠየቅ፤ «ገነት» ወይም «ተክል» የሚባል ማሳ ካለም ወሰኑና ምንጩ በአጥቢያው መዝገብ ይጻፍ።