መንገዱ የማን ነው?

ብስክሌት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ እሽቅድምድም ይሮጣል። እኔን ግን የሚማርከኝ አብሮ የመንዳት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1894 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ቶም ግሩምን ጨምሮ ስድስት ወጣቶች አንድ ክበብ መሠረቱ። ስሙን የወሰዱት ሮበርት ብላችፎርድ ያዘጋጀው ከነበረው «ክላሪዮን» ከተባለው የሶሻሊስቶች ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። በፋሲካ በዓል የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ አደረጉ። ጋዜጣና በራሪ ጽሑፍ በብስክሌት ጭኖ በየመንደሩ ማደልም የክበቡ ልማድ ሆነ። በተከታዩ ዓመት ቼሻየር ውስጥ ድንኳን ተክለው ሰፈሩ። ስድስት ቀን የፋብሪካ ጭስ ሲምግ ለሚከርም ወዛደር ያ አረንጓዴ መስክ ቀላል ጸጋ አልነበረም። ሴት ብስክሌት ላይ መውጣቷ ሐሜት በሚያስነሣበት በዚያ ዘመን ሴቶችም ከወንዶቹ ጋር ነዱ።

በዚያው በ1894 የአሜሪካ ብስክሌተኞች ሊግ ጥቁሮችን ከአባልነት አገደ። እገዳውን በይፋ የሻረው በ1999 ነው!

ክላሪዮን በ2021 «ሶሻሊዝም» የሚለውን ቃል ከደንቡ አውጥቶ እኩልነትንና ሁሉን አቀፍነትን ተካበት። ያልተስማሙት ተለይተው ወጡ። በበኩሌ በሩ ለሁሉም መከፈቱን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ በሩ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን ገፍቶ የከፈተው ያው የተሰረዘው እምነት እንደነበር መዘንጋት ውለታ ቢስነት ነው።