ጥቁር ሰሌዳና ነጭ ፊደል፤ አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር ስለሚነሣባቸው ትእዛዛት ታሪክ

ኮምፒዩተር አልነሣ ያለ እንደ ሆነ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰማው ቃል «ሞቷል» የሚል ነው። መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ነገር ግን በጥቁሩ መስተዋት ላይ አንድ መስመር ነጭ ፊደል ብቻ ተጽፎ ይቀራል። ከዚህ በኋላ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ የሚሄድ አለ፤ በጨርቅ ሸፍኖ ጥግ የሚያስቀምጠውም አለ፤ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ የሚጭነውም አለ። ከሦስቱ የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ጽሑፉ ሳይሆን ወደ ጽሑፉ የሚያደርሰው መንገድ ነውና። ከዚህ ቀጥሎ የምናትተው ያን መንገድ ስለሚጠግኑት ጥቂት ቃላት ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ ለዲንሾ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገብበት ሮስተር ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት በኮምፒዩተር ይሠራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም ያለው በዚሁ በዲንሾ ነው። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 ጀምሮ በዚህ አገር ቀበሮዎችን ይከታተላል፤ በ2003ና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ በገባባቸው ጊዜ የሞቱትንና የተረፉትን ማወቅ የተቻለውም በቆጠራ ነው። የፈረሰ ቤት እንደገና ይሠራል፤ የ2003 ቀበሮ ግን ዛሬ እንደገና ሊቆጠር አይችልም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የተቀመጠበት ዲስክ አልነሣም ባለ ጊዜ መደምሰስ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

እንግሊዞች ኮምፒዩተር ማስነሣትን «ቡት» ይሉታል። ቃሉ የመጣው የጫማውን ማንጠልጠያ በእጁ ስቦ ራሱን ከመሬት ስላነሣ ሰው ከሚነገር ቀልድ ነው። እኛ ግን «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ብንል ነገሩን ይበልጥ እንቀርበዋለን። መሣሪያው ሲበራ ምንም አያውቅም፤ አንድ እጅግ ትንሽ ፕሮግራም ከርሷ ከፍ ያለችውን ትጠራለች፤ ያችም ደግሞ ትልቁን ትጠራለች፤ እንዲህ እያለ መላው ሥራ ይቆማል። ከነዚህ ጠሪዎች አንዲቱ የጐደለች እንደ ሆነ የቀሩት ሁሉ በቦታቸው እያሉ ሥራው አይጀመርም።

በቀድሞው ዘመን ይህን የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያደርገው ሰው ራሱ ነበር። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 የተባለው መሣሪያ ፊቱ በማብሪያ ማጥፊያ የተሞላ ሲሆን ባለቤቱ እነሱን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ የማስነሻውን ቃል በየቀኑ በጣቱ ያስገባ ነበር። በዚያው ዓመት ፖል አለን ከቢል ጌትስ ጋር የሠራውን ፕሮግራም ለአልቴር ባለቤቶች ለማሳየት ወደ አልበከርኪ ከተማ ሲበር ሳለ፤ ማስነሻውን መጻፍ ጨርሰው እንደ ረሱት ትዝ ያለው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ በወረቀት ጻፈው፤ ሠራም። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው፤ በዚያች ወረቀት ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመቱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

አይ.ቢ.ኤም. በነሐሴ ወር 1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ የመጀመሪያው ጥሪ በማይደመሰስ ማስታወሻ ውስጥ ተቀርጾ መጣ። በመጋቢት 1983 ደግሞ ባለ 10 ሜጋባይት ሐርድ ዲስክ ያለው ተከታዩ ወጣ፤ ለብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን ነገርም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ብቻ ናት። ከነዚህም 446ቱ ለማስነሻው ፕሮግራም፤ 64ቱ የዲስኩ ርስት እንዴት እንደ ተከፈለ ለሚያመለክት ሠንጠረዥ፤ የቀሩት 2ቱ ለማኅተም ተሰጡ። ይህ ምን ያህል ጠባብ ቦታ እንደ ሆነ ለመረዳት፤ በዛሬው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በ512 ባይት ውስጥ ከ170 የሚበልጥ ፊደል አይገባም። አንድ አጭር ደብዳቤ እንኳ አይሞላም! ይህች ክፍል ከተበላሸች ግን ከኋላዋ ያለው ሁሉ ምንም ሳይነካ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

ተንኰለኞችም ይህን ደካማ በር ለማወቅ አልዘገዩም። በ1986 በፓኪስታን በላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች «ብሬን» የተባለውን ቫይረስ ጻፉ፤ እርሱም የፍሎፒ ዲስክን የመጀመሪያ ክፍል ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ራሱን በርሷ ቦታ ያስቀምጥ ነበር። «ማይክል አንጀሎ» የተባለው ደግሞ የከፋ ነው፤ በመጋቢት 6 ቀን የዲስኩን መጀመሪያ ይደመስሳልና ለመጋቢት 6 ቀን 1992 ዓለም ሁሉ በፍርሃት ጠበቀ። እንደ ተፈራው ያህል ጥፋት አልደረሰም።

በዚህ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አንድ ትእዛዝ ነበረ። ማይክሮሶፍት በ1991 ባወጣው 5ኛው ዶስ ውስጥ «ኤፍ ዲስክ» በተባለው መሣሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ቢጨምሩ፤ ሠንጠረዡን ሳይነካ የማስነሻውን ፕሮግራም ብቻ እንደገና ይጽፋል። ይህ ነገር በመመሪያ መጽሐፉ አልተጻፈም ነበር፤ ባለሙያዎች ግን እንደ ባህል መድኃኒት ምስጢር እርስ በርሳቸው ይነጋገሩት ነበር። እንደ ባህል መድኃኒትም መጠኑን ያላወቀ ይጐዳበታል። «መንኪ» የተባለው ቫይረስ የርስቱን ሠንጠረዥ ደብቆ በምስጢር ጽሕፈት ስለሚያስቀምጠው፤ ቫይረሱን ሳያውቅ ያችን ቃል የጻፈ ሰው ወደ ዲስኩ የሚወስደውን የመጨረሻ መንገድ በገዛ እጁ ያፈርስ ነበር። ስለዚህ የዚህ ሙያ አዋቂዎች አስቀድመው የሚያዩት ነገር ምን ዓይነት ጥፋት እንደ ደረሰ ነው፤ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከ2000 ወዲህ ማይክሮሶፍት ራሱ እነዚህን ቃላት በይፋ አወጣቸው፤ በዊንዶውስ 2000 «ፊክስ ኤም ቢ አር»ና «ፊክስ ቡት» መጡ፤ በኋላም በ2007 ቪስታ ሲወጣ «ቡት ሬክ» የተባለው ተካቸው። በሌላ ወገን ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 ገደማ «ክኖፒክስ»ን አወጣ፤ ይህም ሊኑክስን ከሲዲ ላይ ብቻ አስነሥቶ የታመመውን ዲስክ ሳይነኩ ለማየት የሚያስችል ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ይህ ነው። ምክንያቱም ሐኪሙ ከበሽተኛው ውጭ ሊቆም ቻለ። አንድ ፍላሽ ላይ የሚገባ ነገር ሆኖ ዋጋ የማይጠየቅበት፤ ኢንተርኔትም የማይሻ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቅ ትምህርት ቤት የተሠራ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቈጭ ነገር አለ። ያ ጥቁር መስተዋት አማርኛ አያውቅም። የድሮው የጽሕፈት መስተዋት ሊይዝ የሚችለው 256 ፊደል ሲሆን የኛ ፊደል ከነዲቃላው ከ300 በላይ ነው፤ ለዓለም ሁሉ ኮምፒዩተር የሚሆን የጋራ ቍጥር ያገኘውም ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲወጣ ነው። በቁቤ የሚጻፈው ኦሮምኛ በዚያ መስተዋት ላይ ያለ ችግር ሊነበብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መልእክቱን በኦሮምኛ የጻፈለት የለም። በመሆኑም የባሌ ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ቢማር፤ መሣሪያው ሲታመም የሚያነበው እንግሊዝኛ ነው። ቃላቱ ግን ከሃያ ስለማይበልጡ አንድ ሳምንት ለማጥናት ይበቃል።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። ሐርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ራስ ዲስኩን አይነካም፤ ዲስኩ ሲዞር በሚፈጠር የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ ነው። አየሩ ከሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ካለም ዲስኩን ሊቧጥጥ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ ሐርድ ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይወስናሉ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ የኛ መሣሪያዎች የሚሠሩት በወሰኑ ላይ ነው ማለት ነው። ከጎባ ተነሥቶ በሳኔቲ አምባ ወደ ደሎ መና የሚሻገር ሰው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ሐርድ ዲስክ ያለውን ኮምፒዩተር ዘግቶ ቢጓዝ ይሻለዋል፤ የተዘጋ ዲስክ 12,000 ሜትር ከፍታ ቢወጣም አይጐዳም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በከፍታ ማሳበብ አይገባም። መብራት በድንገት የሄደ ጊዜ በመጻፍ ላይ የነበረ ዲስክ ሥራውን በግማሽ ያቋርጣል፤ እኔ ከከፍታው ይልቅ የምፈራው ይህን ነው። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን ቲ፤ ከ2001 ወዲህም ሊኑክስ፤ ሊሠሩ ያሰቡትን አስቀድመው በአንድ መዝገብ እየጻፉ ስለሚሠሩ መብራት ሲመለስ የተቋረጠውን ከመዝገቡ አይተው ያስተካክላሉ። ይህ ሳይበቃ ሲቀር «ቼክ ዲስክ» የተባለው ጥንታዊ ትእዛዝ ይጠራል። ነገር ግን ዲስኩ ኰሽታ የሚያሰማ ከሆነ ቼክ ዲስክን ከማዘዝ በፊት በሊኑክስ ተነሥቶ «ዲዲ ሬስኪው» በተባለው ፕሮግራም ሙሉ ግልባጭ መውሰድ ግድ ነው፤ የተቧጠጠ ዲስክ በጥገና ብዛት ይሞታልና። ጥገናው በግልባጩ ላይ ይደረጋል።

እነዚህ ቃላት ያረጁ ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች በሐምሌ 19 ቀን 2024 መልሳቸውን አገኙ። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ፋይል፤ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን ከሥራ ውጭ አደረገ፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። ፈውሱ ምን ነበር? ወደ ጥገናው መስተዋት ገብቶ በ«ሲ-00000291» የሚጀምረውን ፋይል «ዴል» ብሎ ማጥፋት ነው። ይህንንም በአብዛኛው ሰው በየመሣሪያው ፊት ተቀምጦ በእጁ መጻፍ ነበረበት፤ ልክ እንደ አልቴር ዘመን።

ዛሬ የሚሸጡት አዳዲስ ላፕቶፖች የሚሽከረከር ዲስክ ስለሌላቸው የዲንሾ ከፍታ አያስፈራቸውም። በምትኩ ብዙዎቹ ዲስካቸውን በምስጢር ጽሕፈት ይቈልፋሉ፤ በ2024ም ፈውሱን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። የዊንዶውስ መክፈቻ 48 አኃዝ ያለው ቍጥር ነው። ቍጥሩ በዚያው በተቈለፈው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ አንድም ትእዛዝ አይከፍተውም፤ በወረቀት ተጽፎ በመዝገብ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ከሮስተሩ ግልባጭ ጋር ካለ ግን ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው።