ምኑ ተበላሽቶ ነው የምትቀይረው?

የአባቴ አሮጌ ኮሮላ አንድ ጠዋት አልነሳም አለች። መካኒኩ መጀመሪያ ካንዴላ አስቀየረ፤ ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ፤ በሦስተኛው ቀን ባትሪ። በመጨረሻ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው አንድ የላላ ሽቦ ነበር። ይህ ታሪክ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም፤ ሙያውን የለመደው በሰው መኪና ላይ እየገመተ ነው። የግምቱን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ባለመኪናው ነው።

ማንንም ሳይጎዱ መሳሳት የሚቻልበት ቦታ ከየት መጣ? ታሪኩ የሚጀምረው ከአብራሪዎች ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በ1929 ከአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ባገኘው ወናፍ፣ ከመሬት ሳይነሳ እንደ አውሮፕላን የሚያዘነብል መለማመጃ ሠራ። መጀመሪያ የገዙት የመዝናኛ ፓርኮች ነበሩ። በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ በአየር እንዲያመላልስ ታዘዘና ከ10 በላይ አብራሪዎች ሞቱበት። ጦሩ በዚያው ዓመት ስድስት መለማመጃ ገዛ። እንግዲህ ቁም ነገር የሆነው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ለጠጋኞች ተራው የደረሰው በ1970ዎቹ ነው። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን «ሶፊ» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሩ። ሶፊ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ብልሽት ትደብቃለች፤ ተማሪው እየለካ ይፈልጋል። «ይህን ዕቃ ልቀይር» ሲላት ዝም ብላ አትቀይርለትም፤ መጀመሪያ ምኑ እንደተበላሸ ትጠይቀዋለች። ግምቱ ከለካው ጋር ካልተስማማም ትነግረዋለች። የኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት በኩልም ለዓመታት አገልግላለች።

ይህ ጥያቄ ጋራዥ ውስጥ የግድ የሆነው መኪና ራሱ ኮምፒውተር ሲሸከም ነው። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ብልሽቱን በኮድ የሚናገር መሣሪያ እንዲኖረው ተገደደ። ኮዱ ግን ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይናገርም። «ነዳጁ ከአየሩ አንሷል» ቢል፣ ምክንያቱ የተቀደደ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ የደከመ ፓምፕም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ በኢንተርኔት የሚሠሩ መለማመጃዎች ተማሪው በስክሪን ላይ ኮፋኖ ከፍቶ፣ ፊውዝ ነቅሎ፣ በቴስተር ለክቶ እንዲፈርድ የሚያደርጉት። አስር ጊዜ ቢሳሳት አንድ ብር አይከስርም።

ስክሪን የዛገ ብሎን አያስፈታም፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮንም አያሸትትም። እጅ የሚሠለጥነው አሁንም ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው። ግን ያ መካኒክ ካቻቢቴውን ሳያነሳ በፊት ሶፊ አንድ ጊዜ ብትጠይቀው ኖሮ፣ አባቴ ባትሪ ባልገዛ ነበር።