የበጋው መብረቅ

መጋቢት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ96 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እኛም ዜናውን በሰማን ጊዜ ያዘንነው ለእኚህ ታላቅ ሽማግሌ ብቻ አልነበረም፤ ሚያዝያ 27 ቀን በአራት ኪሎ አደባባይ የሚሰለፉት አርበኞች ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሱ መሄዳቸውንም ስላሰብን ነው።

ጄኔራሉ በ1913 ዓ.ም. በጅባትና ሜጫ አውራጃ ተወለዱ። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ነበር፤ ይኸውም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። በዚያ ዕድሜ ዱር ቤቴ ብለው ወጡ። መሣሪያውን የሚያገኙት አድፍጠው ከጠላት እየማረኩ ነበርና በጥቂት ሰው የተጀመረው ጦር ቀስ በቀስ በሺህ የሚቆጠር ሆነ፤ የአዲስ ዓለምንም ምሽግ እስከ መምታት ደረሰ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፋቸውን ያየ ሰው ያን ትልቅ ጎፈሬ አይረሳውም። «የበጋው መብረቅ» የሚለው ስም የወጣላቸው በከንቱ አይደለም፤ የክረምቱን መብረቅ ሁሉም ይጠብቀዋል፤ የበጋው ግን ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ባልታሰበ ሰዓት ይወድቃል። ነጻነት በተመለሰበት በ1933 ዓ.ም. ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በመደበኛው ጦር ውስጥ አገልግለው እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደረሱ። በእኛ አስተያየት ግን ከጦር ሜዳው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የባሌው ሥራቸው ነው። የባሌ ገበሬ የግብሩ ክብደት፣ የመሬቱ መነጠቅና የሹማምንቱ በደል ቢያንገሸግሸው በ1955 ዓ.ም. ሸፈተ። መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ዐመፁ ግን ለዓመታት አልበረደም። በ1962 ዓ.ም. የሽፍቶቹ መሪ ዋቆ ጉቱ እጁን የሰጠው በጄኔራል ጃገማ አግባቢነት ነው። ሁለቱም አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ፣ ሁለቱም ጫካን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በልጅነቱ ዱር ያደረ ሰው ዱር ያደረውን ለማነጋገር ከማንም ይልቅ የተገባ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባንም። ዕርቁ ደም አዳነ እንጂ በደሉን አልሻረም፤ ገበሬው ያነሣው የመሬት ጥያቄ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ መልስ አላገኘም። ጄኔራሉ መንግሥታቸው ያልሰጣቸውን ነገር ለገበሬው ሊሰጡት አይችሉም ነበር፤ ስለዚህም ውዳሴያችንን በዚህ ልክ እናደርገዋለን።

ጄኔራሉ ከንጉሡ ዘመን በኋላ ደርግንም ኢሕአዴግንም አይተው በክብር ሸመገሉ። ታሪካቸውም በሕይወታቸው ሳሉ ተጽፎላቸዋል። ከእሳቸው ጋር ያደፈጡት፣ ስንቅ የቋጠሩትና ቁስለኛ የደበቁት የጅባትና ሜጫ ገበሬዎች ግን ስማቸው በየትም አልሰፈረም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በጊንጪና በደንዲ አሉ፤ በዚያ አገር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ደብተራቸውን ይዘው ሄደው ቢጠይቋቸው መልካም ነው።